ባሕሩ እና ዘውዴ፦ አንድ ሰው በዋቢ ዝርዝር ላይ ሁለት ሲሆን

ኢሜይሉ የመጣላት አርብ ከሰዓት ነው። ጽሑፏን ለአንድ የውጭ ጆርናል ከላከች ገና ሁለት ሳምንቷ ነበር። መልስ ሲፈጥን ደስ አይልም፤ ልኮ የሚያውቅ ያውቀዋል። ገምጋሚ እጅ እንኳ ሳይገባ ነው የተመለሰው። ኤዲተሩ ሦስት ነገር ጽፎላታል። አንደኛ፣ ዋቢዎቹ የጆርናሉን አጻጻፍ አልተከተሉም። ሁለተኛ፣ «ባሕሩ ዘውዴ 1991» እና «ዘውዴ 2002» አንድ ሰው ናቸው ወይስ ሁለት? ሦስተኛዋ ናት የጎዳቻት፦ «ደራሲው በ1919 እንደሞተ ጽፈዋል። መጽሐፉ ደግሞ በ1916 ታትሟል። ታዲያ ከሞቱ በኋላ የታተመ የሚሉት እንዴት ነው?»

«ጋሼ፣ ተዋረድኩ» አለችኝ በስልክ።

እኔ ታሪክ አላስተማርኩም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካታሎግ ስሠራ ነው የኖርኩት። እሷ የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ልጅ ሆና መጽሐፍ ስትዋሰኝ መልሳ የምታመጣ ብቸኛዋ እሷ ነበረች፤ ስለዚህ ልዩ ቦታ አላት። «ላፕቶፕሽን ይዘሽ ነይ» አልኳት። ቅዳሜና እሑድ አብረን ተቀመጥን። ያየነውን የምጽፈው ፈቅዳልኝ ነው፤ ስሟንና የጆርናሉን ስም ግን ትቼዋለሁ።

ጽሑፏ ስለ መሬት ግብር ነው። የተጠቀመችባቸው ምንጮች የተለመዱት ናቸው። የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» አለ። የብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» አለ። የፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. የ1972ቱ መጽሐፍ፣ የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ሁለት መጻሕፍት፣ ብዙ የጆርናል ጽሑፎች፣ ከወመዘክር የተገኙ ደብዳቤዎች፣ ከሽማግሌዎች የተሰበሰበ ቃል። በድምሩ 61 ዋቢ።

መጀመሪያ የጠየቅኳት ዝርዝሩ እንዴት እንደተሠራ ነው። ግማሹ ከማስተርስ ጥናቷ ተገልብጦ የመጣ ነው። ያኔ በእጇ ነበር የተየበችው፤ እንደ አገራችን ልማድ ስም ቀድሞ፣ የአባት ስም ተከትሎ። ሌላውን ግማሽ ዞተሮ በሚባለው ዋቢ አደራጅ ፕሮግራም ላይ በዲኦአይ፣ ማለትም በጽሑፉ መለያ ቁጥር፣ አስገብታዋለች። ቁጥሩን ትለጥፊያለሽ፣ መረጃው ራሱ ተሞልቶ ይመጣል። ድንቅ ነገር ነው። ችግሩ፣ የሚመጣው መረጃ አሳታሚው ሲያስመዘግብ የሞላው ነው። አሳታሚው ደግሞ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ሲያይ የመጨረሻውን ቃል ይከትበታል።

በቃ፣ ምሥጢሩ ይኸው ነው። በእጅ የገባው መጽሐፍ «ባሕሩ ዘውዴ» ብሎ ከላይ በላቲኑ ቢ ስር ተቀመጠ። በቁጥር የመጣው «ዘውዴ፣ ባሕሩ» ብሎ ከታች ዜድ ውስጥ ገባ። አንድ ሰው ለሁለት ተከፍሎ፣ መካከሉ ላይ ሃምሳ ሰው ቆሞበታል። ኤዲተሩ መጠየቁ እውነት አለው።

እንግዲህ የቤተሰብ ስም የለንም። ይህን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ግን መዘዙን ቁጭ ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። በውጭ ጆርናሎች ላይ ዘወትር የሚጠቀሰው ኢትዮጵያዊ ተመራማሪው አይደለም፤ አባትየው ነው። ሁለት ወንድማማቾች ቢጽፉ በአንድ ስም ይጠራሉ። ባልና ሚስት አንድ ጽሑፍ ላይ ቢፈርሙ የማይተዋወቁ ይመስላሉ። የዚህች ልጅ አባት እህል ነጋዴ ናቸው። መርካቶ ሲወጡ ሲወርዱ ያረጁ፣ ከሂሳብ ደብተር ሌላ ምንም ጽፈው የማያውቁ ሰው። ከዚህ በፊት ያወጣችው አንድ ጽሑፍ ላይ ሦስት ስም ሞልታ ነበርና እዚያ ደግሞ የምትጠቀሰው በአያቷ ነው። «አያቴ ማንበብ አይችሉም ነበር እኮ» አለችኝ።

የባሰው ግን የማኅተመ ሥላሴ ነው። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ፣ ማኅተመ የሚሉት ለብቻቸው ስም አይደሉም። ከሚከተላቸው ጋር ነው አንድ የሚሆኑት። ፕሮግራሙ ይህን ከየት ያውቃል? አራት ቃል አየ፣ የመጨረሻውን ያዘ፣ የቀሩትን አሳጠረ። ዝርዝሩ ላይ «መስቀል፣ ማ. ሥ. ወ.» ብሎ ጽፏቸዋል። በሕይወቴ ብዙ ካርድ ጽፌአለሁ፤ አቶ መስቀል የሚባል ደራሲ ሳገኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ሁለታችንም እስክንጠግብ ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ቡና አፈላን።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ስንሄድ ሳቁ ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገብረ ሕይወት ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። በእኛ 1911 ዓ.ም. ማለት ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1916 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. 1924 መሆኑ ነው። ስለዚህ ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ ታተመ የሚለው ዓረፍተ ነገሯ ትክክል ነው። የሞተበትን ዓመት ግን ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወሰደች። የታተመበትን ከራሱ ከመጽሐፉ። ሁለቱንም ያለ ምልክት ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ፈረንጁ ሲያነበው ሰውየው ከመሞቱ ሦስት ዓመት ቀድሞ የታተመ መጽሐፍ ሆነ።

ይህ ስህተት ከየት እንደሚመጣ አውቀዋለሁ። በአማርኛ ስንጽፍ «እ.ኤ.አ.» የምንለው ለእነሱ ዓመት ነው፤ የእኛውን ዝም ብለን እንጽፈዋለን። በእንግሊዝኛ ስንጽፍ ግን መገልበጥ አለበት፦ የእኛው ነው ምልክት የሚፈልገው። እጃችን ግን አይገለብጥም። «ዝክረ ነገር»ንም 1942 ብላ ነበር የጻፈችው። ያለ ምልክት ያየው የውጭ አንባቢ ጣሊያን በወጣ ማግስት የታተመ ይመስለዋል። በእነሱ አቆጣጠር 1949 ወይም 1950 ነው።

አቆጣጠሩን ለመለወጥ የሚያስቸግረው «ወይም» የምትለው ናት። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ከሆነ 7 ይደመራል። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ማብቂያ 8 ነው። መጽሐፉ ላይ ወሩ ከተጻፈ ይቀላል። ካልተጻፈ ሁለቱንም በእዝባር ለይቶ 1949/50 ማለት ነው እንጂ፣ እንደ ብዙዎቹ ዝም ብሎ 8 መደመር ልክ አይደለም። እሷ ሁሉም ላይ 8 ደምራ ለመገላገል ፈልጋ ነበር። «የጠቀስሽውን ጋዜጣ ቀን እዪው፣ ኅዳር ነው፤ 7 ነው የሚደመረው» ስላት ተወችው።

አሁን ውሳኔ። ሁሉንም ስም ገልብጠን በአባት ስም እናድርገው ወይስ ሁሉንም በራስ ስም? እሷ ደክሟት ነበር። «ጋሼ፣ ይገልበጥና ይለቅ። እነሱ የሚፈልጉት እንደሆነ...» አለች።

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልናገር። ጽሑፉ የሕክምና ወይም የግብርና ቢሆን ኖሮ እሺ እላት ነበር። ቫንኩቨር የሚባለው አጻጻፍ የመጨረሻውን ስምና የቀሩትን መነሻ ፊደል ብቻ ነው የሚፈልገው፤ መረጃ ቋቶቹም የተሞሉት በዚያው ነው። ሌላው ሁሉ በአባቱ የገባበት ቦታ ላይ ለብቻ በራስ ስም መግባት ፈላጊን ማሳት ነው። አንድ ዓይነት መሆኑ ይበልጣል። የታሪክና የባህል ጥናት ግን ሌላ ነው። እዚያ የእኛን ስም በትክክል መጻፍ አዲስ ነገር አይደለም። ሐምቡርግ የሚታተመው ኤትዮፒካ የሚባለው ጆርናል ኢትዮጵያዊውን ደራሲ በራሱ ስም፣ ሳያሳጥር፣ ሳይገለብጥ ነው የሚጽፈው። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የወጣው የኢትዮጵያ ኢንሳይክሎፒዲያም እንደዚያው። ዋሽንግተን ያለው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ላይ ባሕሩ ዘውዴን ቢ ስር ነው የሚያገኟቸው። እኔም ካታሎግ ስሠራ የተማርኩት ይህንኑ ነው። በአገሩ ታሪክ ላይ የሚጽፍ ሰው የአገሩን ሰው ስም ገልብጦ ሲጽፍ አይዋጥልኝም።

አሳመንኳት ወይስ ሰለቸኋት አላውቅም፤ ተስማማች።

ሥራው ከተፈራው በላይ ቀለለ። እሷ ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ዝርዝሩን ወርድ ላይ በእጇ አስተካክላለች። አንድ አዲስ ዋቢ ስታስገባ ዞተሮ ዝርዝሩን እንደ አዲስ ይሠራዋል፤ የእጅ እርማቱ ሁሉ ተጠርጎ ይሄዳል። «አስማት ይመስለኝ ነበር» አለች። የሚታረመው ወርዱ ላይ ሳይሆን ራሱ መዝገቡ ላይ ነው። ዞተሮ ውስጥ መጽሐፉን ስትከፍቺ ከደራሲው ስም በስተቀኝ ትንሽ የሳጥን ምልክት አለች። እሷ ስትነካ ለሁለት የተከፈለው የስም ቦታ አንድ ይሆናል። ይህ ቦታ የተሠራው ለመሥሪያ ቤት ስም ነው፤ ለጤና ሚኒስቴር፣ ለዓለም ባንክ። ፕሮግራሙ እዚያ የተጻፈውን አይገለብጥም፣ አያሳጥርም፣ እንዳለ ያትመዋል። «ባሕሩ ዘውዴ» ብለን ሞላን። ወርዱ ላይ አድሰው አልነው። ዜድ ውስጥ የነበሩት ፕሮፌሰር ተነሥተው ቢ ውስጥ ከራሳቸው መጽሐፍ አጠገብ ተቀመጡ።

ኢትዮጵያዊን እንደ መሥሪያ ቤት መመዝገብ ትንሽ ያስቃል። ግን ይሠራል። ላቴክ በሚባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም የሚጽፉ ጓደኞቿ ስሙን በድርብ ጥምዝ ቅንፍ ያጥሩታል። ኤንድኖት የሚባለውን ሌላ የዋቢ ፕሮግራም የሚጠቀሙት ከሙሉ ስሙ በኋላ አንድ ኮማ ያደርጋሉ። ሁሉም ዘዴ አንድ ነው፦ ማሽኑን «ይህ የማይከፈል ነው» ማለት።

የአማርኛ መጻሕፍቱን ዓመት በተመለከተ፣ በቀኑ ቦታ የእነሱን ዓመት አስገባን፤ የኢትዮጵያውን ደግሞ ከርዕሱ ቀጥሎ በማዕዘን ቅንፍ አኖርነው። ርዕሱን በላቲን ፊደል፣ ትርጉሙንም አጠገቡ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ጠፋብን። ሦስት ሀ፣ ሁለት ሰ፣ ሁለት ጸ እያለን በላቲን እንዴት ይለያሉ? ከላይና ከታች ነጥብና ሰረዝ እያደረገ የሚለይ የአጻጻፍ ሥርዓት አለ፤ ጆርናሉ ግን አያስገድድም። ቀለል ያለውን መርጠን እሱኑ እስከ መጨረሻው ያዝን። በእንግሊዝኛ የጻፉ ሰዎች ስም ላይ ግን የራሳችንን አላደረግንም። ልጅቷ «ታደሰ»ን ሦስት ቦታ ላይ በሦስት ዓይነት ጽፋዋለች፤ በአንድ ዲ፣ በሁለት ዲ፣ በአንድ ኤስ። መጽሐፉ ሽፋን ላይ በሁለት ዲ እና በሁለት ኤስ ነው። ሰውየው እንደጻፈው ይጻፋል፤ ክርክር የለም።

እሑድ የቀረን «ዝኒ ከማሁ» ነበር፤ «ከላይ የተጠቀሰው ራሱ» ማለት ነው። የማስተርስ ጥናቷ የግርጌ ማስታወሻ ነበረው፤ ግማሹ ግርጌ «ዝኒ ከማሁ» ነው፣ በእንግሊዝኛ አቻው ተተክቶ። ጥሩ ቃል ነው፣ እወደዋለሁ። ግን ቦታውን ካልጠበቀ ሰው ያጋጫል። ጥናቱን አሳጥራ ጽሑፍ ስታደርገው አንቀጾች ተዛውረዋል። አንዱ «ዝኒ ከማሁ» ከገብረ ሕይወት ስር ወጥቶ ከአንድ የግብርና ሪፖርት ስር ገብቷል። በዚያው ቢታተም ኖሮ የገብረ ሕይወት ሐሳብ ለሪፖርቱ ይሰጥ ነበር። ሁሉንም አንድ በአንድ ከመጽሐፎቹ ጋር እያመሳከርን በደራሲና በዓመት ተካናቸው። የወመዘክርን ደብዳቤዎች ከታተሙት ለይተን ለብቻ አደረግን። የሽማግሌዎቹን ቃል ጆርናሉ በጽሑፉ ውስጥ ብቻ ስለሚፈልግ ከዝርዝሩ አወጣናቸው። 61 የነበረው 47 ሆነ።

ከዚያ ለኤዲተሩ የሚላከውን አጭር ደብዳቤ ጻፍን። መጀመሪያ እሷ የጻፈችው ይቅርታ ብቻ ነበር። አስቀነስኳት። የቀረው ይህን ይላል፦ «በኢትዮጵያ የሰው ስም የራሱ ስምና የአባቱ ስም ነው፤ የቤተሰብ ስም የለም። ስለዚህ ኢትዮጵያውያን ደራሲያን በራሳቸው ስም፣ ሳይገለበጥና ሳያጥር ተዘርዝረዋል። የኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት በማዕዘን ቅንፍ ተመልክቷል። በ1916 ታትሟል የተባለው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. የ1924 ነው፤ ደራሲው ያኔ በሕይወት አልነበረም።»

ኤዲተሩ በሦስተኛው ቀን መለሰ። ምክንያቱ ገብቶታል፤ ይህንኑ በመጀመሪያው ማስታወሻ ላይ ለአንባቢም አስፍሪው አላት። ጽሑፉ ወደ ገምጋሚዎች ሄደ። ከእነሱ ጋር የነበረው ሌላ ታሪክ ነው፤ እሱ ስለ ይዘቱ ነው።

ከወራት በኋላ ፕሩፉ፣ ከኅትመት በፊት ለእርማት የሚላከው ቅጂ፣ መጣ። ከፈተችው። «ዘውዴ፣ ባ.»

ስልኩ ላይ ድምፅዋን ሰምቼ ነገሩ ገባኝ። ኤዲተሩ አላጠፋም። ጽሑፍን ለኅትመት የሚያዘጋጁት ሌሎች ናቸው፤ እያንዳንዱን ስም ቆርጠው የቤተሰብ ስም እና የራስ ስም በሚል ምልክት ያስገባሉ። ተቀምጬ አነበብኩ። ጆርናሎች የሚጠቀሙበት ጃትስ የሚባል የምልክት ደረጃ አለ። እዚያ ውስጥ የስም ዓይነት የሚገለጽበት ቦታ አለ። ምርጫዎቹ የምዕራብ፣ የምሥራቅ፣ አንድ ስም ብቻ ያለው፣ እና... የአይስላንድ! አይስላንዶች እንደ እኛ ከራስ ስም ቀጥሎ የአባት ስም ነው የሚያስከትሉት፣ የታተመው የስልክ ማውጫቸውም በራስ ስም ነበር የሚደረደረው። ከ400 ሺህ የማይበልጡ ሰዎች ናቸው፤ የራሳቸው ምልክት አላቸው። እኛ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነን። ቀናሁ ማለት ነው የሚሻለው። ግን ቅናቱን ትቼ ምርጫውን ወደድኩት፤ እኛን የሚገልጸን እሱ ነው።

እርማቱን አንድ በአንድ ምልክት አድርጋ መለሰች። ጅምላ «ስሞቹን አስተካክሉ» ማለት ዋጋ የለውም፤ ማን የትኛው የማን እንደሆነ ያውቅልሻል? በየመስመሩ የተጻፈውንና መሆን ያለበትን ጎን ለጎን ጻፈች። ሁሉም ታረመ። ማኅተመ ሥላሴ ብቻ በራሳቸው ስም ተጽፈው ሳለ ፊደል ተራቸው ሳይስተካከል በወልደ መስቀል ደብሊው ውስጥ ቀሩ። ለእሳቸው ሁለተኛ ኢሜይል አልጻፈችም። እኔ ብሆን እጽፍ ነበር።

አንድ ነገር ዘንግተን ነበር፤ የእሷን ስም። ጽሑፉን ስትልክ ቅጹ ላይ በቀይ ኮከብ የተጠየቀውን ሁለት ሳጥን ሞልታለች፤ ስሟን በአንዱ፣ የአባቷን በሌላው። ለወደፊቱ ኦርኪድ በሚባለው የተመራማሪዎች መለያ መዝገቧ ላይ በሦስት ስም የወጣውንም በሁለት ስም የወጣውንም አብራ አስመዝግባ፣ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን አሳወቀች። የጆርናሉ ገጽ ላይ ግን «ይህን ጽሑፍ ሲጠቅሱ» የሚለው መስመር የሚጀምረው በአባቷ ስም ነው፤ የእሷ አንድ ፊደልና ነጥብ ሆና ተከትላለች።

ለአባቷ በስልኳ አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አጠለቁ። እንግሊዝኛውን ባያነቡም የራሳቸውን ስም በላቲን ያውቁታል፤ የንግድ ፈቃዱ ላይ አለ።

«ይሄ እኔ አይደለሁ?»

«እርስዎ ነዎት አባዬ።»

«ስለ ምንድን ነው የጻፍኩት?»

«ስለ ግብር።»

ስልኩን መለሱላት። «አጥፊው» አሉ። «ገቢዎች ያዩታል።»